ቀድሞ የተጨበጨበለት

…ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል እንጂ ድምፅ የለም፣ ማን ያውቅበታል፣ ማንም፣ በግራው ጋሼ ቆሟል፣ በቀኙ ግድግዳው፣ ጋሼ ሲዘፍን አግዳሚ ወንበር በሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ነው የሚመስለው፣ በዚህ ሁሉ ጉተታ መሃል የአንድ ሰው ዝምታ የት ይሰማል፣ ክፈት፣ ዝጋ፣ ክፈት፣ ግጥሙን እንደሆነ ከነትንፋሹ ያውቀዋል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፊት ረድፍ ሆኖ የዘፈነው ነው፣ ያኔ እሱ አፉን ሲከፍት አዳራሹ ዝም ይል ነበር፣ አሁን እሱ ዝም ብሎ አዳራሹ ይዘፍናል። የሸሚዙ ኮሌታ አንቆታል። ባለፈው ዓመት ልኩ ነበር እኮ ይሄ ሸሚዝ። እጥበት ነው፣ በታጠበ ቁጥር እየተሰበሰበ ነው፣ ሱሪውም እንደዚሁ፣ ጠዋት እናቱ እግሩ ስር ተንበርክካ የታጠፈውን ጠርዝ በምላጭ እየፈታች፣ ቀጥ በል አትወዛወዝ፣ እማ ይረፍድብኛል እኮ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም፣ ቁም። ቆመ። ልብስ ሰፊ ናት እናቱ፣ የእሱን ሱሪ ስትሰፋ ሁልጊዜ ከታች ትርፍ ጨርቅ አጥፋ ታስቀራለች፣ ያድግበታል ትላለች፣ ያ እጥፋት ከሱሪ ወደ ሱሪ ሳይፈታ ኖሯል፣ ዛሬ ፈታችው፣ እሱ ግን ልቡ እዚህ መድረክ ላይ ስለነበር ለምን ዛሬ ብሎ አልጠየቃትም።

እናቱ ያቻትና። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስልኳን ከአሁኑ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። ልጄ ብቻውን ነው የሚዘፍነው ብላ ለደንበኞቿ ሁሉ አውርታለች። ልጇ ብቻውን እንደማይዘፍን አልነገራትም። ምን ብሎ ይንገራት፣ እማ ድምፄ ጎርንኗል ሊላት ነው፣ በየትኛው ድምፁ፣ ቤት ሲገባ በቀጭኑ ያወራል፣ ትምህርት ቤት በር ሲደርስ በወፍራሙ፣ ሰው ጫማ እንደሚቀይር ነው የሚቀይረው፣ አንድ ቀን በሩ ላይ ተሳስቶ ዘበኛውን በቀጭኑ ደህና አደርክ አለውና ቀኑን ሙሉ ከዘበኛው ሲሸሽ ዋለ።

አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ማን ያምናል። ማሙሽ ነበር የሚሉት፣ ክፍሉም፣ የሙዚቃ ክበቡም፣ የዘበኛው ሚስት እንኳ፣ ማሙሽ በሩን ዝጋው። ጋሼ ግን ገና አሥራ አራቱን መድፈኑ ነው፣ አሥራ አራት! ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ትንሽ ጥቁር ነገር ስለበቀለች ባለሱቁ አንድ ቀን ጋሼ ምን ልስጥዎት ብሎት አረፈ፣ ከዚያ ወዲህ ስሙ ጋሼ ሆኖ ቀረ፣ ዕድሜ እዚህ ትምህርት ቤት የሚቆጠረው ከንፈር ላይ ነው፣ በየትኛው ዓመት ተወለድክ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ጢም ካለህ ትልቅ ነህ፣ ድምፅህ ከጎረነነ ወንድ ነህ፣ ሁለቱም ከሌሉህ ጉንጭህን ይቆነጥጡሃል፣ ከአንተ በኋላ የተወለዱት ሁሉ እየመጡ ይቆነጥጡሃል። ስልክ ሲያነሳስ። ሃሎ ሲል፣ የኔ ቆንጆ እናትሽ አለች? መጀመሪያ ሰሞን ወንድ ነኝ እያለ ያርማቸው ነበር፣ ውይ በሞትኩት፣ ወንድ ነህ ለካ፣ ብለው ይስቃሉ፣ ሳቁ ከስህተቱ ይብሳል፣ ስለዚህ አሁን አለች ላቅርብላችሁ ብሎ እንደ ሴት ልጅ ስልኩን ይዞ ይሄዳል፣ ምን ያድርግ።

ክፈት፣ ዝጋ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ የስርጉድ ጀርባ ይታየዋል። ስትስቅ ግራ ጉንጯ ስለሚሰረጎድ ነው ስርጉድ የምትባለው፣ ከዚህ ሆኖ ግን ጉንጯ አይታይም፣ አንገቷና የጸጉሯ መቋጠሪያ ብቻ፣ ይሄን ለማየት ነው እንግዲህ ወደ ኋላ የመጣው። ሁለት ዓመት አጠገቧ ተቀምጧል። ድምፃቸው ያልጎረነነ ወንዶች ከሴቶቹ ጋር ከፊት ነው የሚቀመጡት፣ የክበቡ ደንብ ነው፣ አንድ የዜማ ወረቀት ለሁለት ሰው፣ ክርኗ ክርኑን ይነካዋል፣ እሷ ምንም፣ እሱ እሳት። ልምምዱ ሲረዝም ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ታንቀላፋለች፣ እሱ ትከሻው እስኪደነዝዝ አይንቀሳቀስም። ማሙሽዬ ጋሼ መጥቷል? ዞር ብለህ እይልኝማ። ማሙሽዬ ጸጉሬ እንዴት ነው፣ እውነቱን። ማሙሽዬ ይቺን ወረቀት ለጋሼ ስጥልኝ፣ እንዳታነባት፣ ሙት በል። ሙት። ሰጠላት፣ አላነበባትም፣ ይሄን ያህል ታማኝ መሆን ምን ያደርግለታል፣ ቢያነባት ይሻለው ነበር። ሴቶቹ ስለ ወንድ ሲያወሩ አንዷ ኧረ ማሙሽ እየሰማ ነው ካለች ሌላዋ ተይው ባክሽ እሱ ምን ያውቃል ትላለች፣ ከተቀመጡበት ወንበር ማን ያፍራል፣ ከእሱም አያፍሩም። ከስርጉድ በአምስት ወር ይበልጣታል። አንድ ጊዜ ነግሯታል ይሄን። እንዴ አንተ ብላ ሳቀች፣ ጉንጯ ሰረጎደ፣ እና ጉንጩን ቆነጠጠችው።

ግን አንድ ነገር ነበር። ብቻውን የሚዘፍናት ቦታ፣ ከደመና በላይ የምትለዋ፣ ሁሉም ዝም ብለው እሱ ብቻ ወደ ላይ የሚወጣባት፣ እዚያ ጋ ሲደርስ ስርጉድ ዓይኗን ትጨፍንና እጅጌውን ትይዘዋለች። ሁልጊዜ። ድምፁ እስኪወርድ አትለቀውም። ያኔ እንደ ሕፃን ልጅ ነበር የመሰለው፣ መንገድ ሲሻገር እንደሚያዝ፣ እጅጌውን ነጥቆ መሮጥ ያምረው ነበር፣ የነበረበት ቦታ ምን እንደነበር የገባው ከኋላ ሆኖ ሲያየው ነው፣ በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ማሙሽ አልነበረም፣ ምን እንደነበረ አያውቅም፣ ማሙሽ ግን አልነበረም፣ ያቺን ቦታ በገዛ እጁ ነው የጣላት፣ ለማን ይነገራል ይሄ፣ ሆድ ይፍጀው።

መምህሯ ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ ብላለች። አጭር ናት፣ ድምጿ ራሱ ሻካራ ነው፣ ድሮ ዘፋኝ ነበረች ይባላል። ድምፅህ እንግዳ ነው ትለው ነበር፣ እንግዳ ደግሞ ይሄዳል፣ እስኪሄድ ድረስ አስተናግደው። እንግዳ! ምን ዓይነት እንግዳ ነው ሁለት ዓመት የማይነቃነቅ፣ እያስተናገደ ሰለቸው፣ ሂድልኝ አለው፣ በረዶ ቆረጠመ፣ ትራሱ ውስጥ እየጮኸ ጉሮሮውን አቆሰለ፣ የአጎቱን ሲጋራ ሰርቆ አንድ ጊዜ ቢስባት አንጀቱ እስኪወጣ አስመለሰው፣ ድምፁ ግን ንቅንቅ አላለም፣ በማግስቱ እንደ ደወል ነው የጠራው፣ መምህሯ ዛሬስ ራስህን በለጥክ አለችው። ራሱን በለጠ፣ ተመልከት እንግዲህ። ሌላ ሰው የሚመኘው ነገር ነው እሱ ላይ የተለጠፈው፣ ጋሼ ቁንጥጫ የምታህል ጢም ይዞ ወንድ ይባላል፣ እሱ አዳራሽ ዝም የሚያሰኝ ድምፅ ይዞ ሕፃን ይባላል፣ ልለዋወጥ ብትል የሚለውጥህ የለም።

ስለዚህ የአጎቱን ድምፅ ሰረቀ። አጎቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከሆዱ ነው የሚናገረው፣ አቤት ሲል ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ባልዲ አፉ ላይ ደፍቶ፣ አቤት፣ እሺ፣ ማነው፣ አቤት፣ ውስጡ ሲያስተጋባ የአጎቱን ታናሽ ወንድም ይመስላል። እናቱ በውጭ፣ ማነው እዚያ? እኔ ነኝ እማ። በቀጭኑ። ከዚያ ልምምድ ላይ፣ ያቺ ቦታ ስትደርስ፣ ስርጉድ ዓይኗን ጨፍና እጅጌውን እንደያዘች፣ ጉሮሮውን ቆለፈና ቋ አደረጋት። እጅጌውን ለቀቀችው። ድገመው አለች መምህሯ። ደገመው፣ ቋ። ከኋላ አንዱ ጎረነነ! አለ፣ ሌላው ጎረነነ! ወንበሩን በመዳፋቸው እየደበደቡ፣ ደንቡ ይሄ ነው፣ ድምፁ የጎረነነ ልጅ ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ ከፊት ወደ ኋላ ይሻገራል፣ ተሻግሮ እስኪቀመጥ ድረስ ክበቡ በሙሉ ያጨበጭብለታል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ለአንድ ሰው፣ እሱ ስንቱ ሲሻገር አጨብጭቧል፣ ከእሱ የሚያንሱት ሁሉ ሲሻገሩ፣ ለጋሼም አጨብጭቧል፣ መዳፉ እስኪቀላ። ተራው ደረሰ። ተሸከመ፣ ተሻገረ፣ ወንበሩ ከብዶት ሳይሆን ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ጋሼ ጀርባውን ደለቀው፣ እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ፣ ወንድሜ ነው ያለው፣ ስርጉድም ቆማ አጨበጨበች፣ ዓይኗ ያቀረረ መሰለው፣ መብራቱ ይሆናል። ያላጨበጨበችው መምህሯ ብቻ ናት። ትክ ብላ አየችው። እሺ አለች፣ ድምፅህን አሳርፈው።

አሳረፈው፣ ይኸው አርፏል። ክፈት፣ ዝጋ።

በማግስቱ ስርጉድ እጇን ዘረጋችለት። እንዴት ነህ። ደህና ነኝ፣ በወፍራሙ። አልቆነጠጠችውም፣ ማሙሽ አላለችውም፣ ልቡ ዘለለች፣ አየህ፣ ወንድ አደረገችህ፣ ያን ቀን ወደ ቤት ሲሄድ የመንገዱን ድንጋይ ሁሉ እየለጋ ነው የሄደው። ከዚያ በኋላስ። ከዚያ በኋላ ያው፣ እንዴት ነህ፣ ደህና ነኝ፣ እንዴት ነህ፣ ደህና ነኝ። አሁንማ እንደ ድሮው አይሆንም ብላለች አሉ ለጓደኛዋ፣ ትልቅ ልጅ ሆኗል እኮ፣ ሰው ምን ይላል። ትልቅ ልጅ። ሲመኘው የኖረ ቃል፣ ሲደርሰው በር መዝጊያ ሆነበት። ትከሻው ባዶ ነው። የእሱን ቦታ የያዘው ጩጬው ነው፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ጥርሱ እንኳ በቅጡ አልሞላም፣ ከደመና በላይን ብቻውን መዝፈኑን ወሰደ፣ ወረቀቷን የሚያደርሰው እሱ፣ ትከሻው ላይ የምታንቀላፋው የእሱ፣ የምትቆነጥጠው ጉንጭ የእሱ፣ እና ቀና፣ በጩጬ ቀና፣ ምን ዓይነት ወንድ ነው አፍንጫውን ያልጠረገ ልጅ ላይ የሚቀና።

የኋላው ረድፍስ። ወንድ መሆን ምን እንደሆነ እዚህ አየው። ሴቶቹን አንድ በአንድ እያነሱ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ይቺ ገና ናት፣ ይቺ ቶሎ ታረጃለች፣ ይቺ ድምፅ አላት ፊት የላትም፣ ይቺ ፊት አላት ልብ የላትም፣ ስርጉድ? ስድስት ከአሥር አለ ጋሼ፣ ራሷ ናት የምትለጠፍብኝ፣ እና ከኪሱ ወረቀቶቿን አወጣ፣ ያቺ የታጠፈችው፣ ሙት ያለባት፣ በእጁ ያደረሳት፣ ጋሼ ድምፁን አቅጥኖ እሷን እየመሰለ ጮክ ብሎ ያነባታል፣ ስታየኝ ለምን ዓይንህን ትመልሳለህ፣ ወንዶቹ ይንከተከታሉ። እሱስ። ሳቀ። ሁሉም ዞር ብለው አዩት፣ አዲስ ሰው ነዋ፣ ይስቃል ወይስ አይስቅም፣ ሳቀ፣ በወፍራሙ፣ ከሁሉም አስረዝሞ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሷ ከፊት ተቀምጣ የሚስቁበትን ምክንያት ሳታውቅ ወደ ኋላ ዞራ አብራ ፈገግ አለች።

ደረሰ። ዘፈኑ ያቺ ቦታ ጋ ደረሰ፣ ሁሉም ዝም አለ፣ ጩጬው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። እናቱ ስልኳን ቀና ታደርጋለች፣ መልሳ ታወርደዋለች፣ ልጇ አይደለማ፣ ዓይኗ በየረድፉ ይፈልገዋል፣ አገኘችው፣ ምነው በሚል አገጯን ነቀነቀች። ጣሪያውን ያያል እሱ። ኪቦርዱ መግቢያውን ጨረሰ። ጩጬው አፉን ከፈተ። ምንም። መምህሯ ምንም እንዳልተፈጠረ መግቢያውን ደገመችው፣ ጩጬው እንደገና ከፈተ፣ ምንም፣ ጆሮዎቹ በርበሬ መስለዋል፣ ከወላጆቹ መሃል አንዱ አሳለ፣ ወንበር ተንቋቋ። ደስ አለው። እውነቱን ነው፣ ደስ አለው፣ ይበልህ፣ ቀላል መሰለህ፣ ቦታ መውረስ ቀላል መሰለህ፣ የምን ክፋት ነው ግን ይሄ፣ ልጅ እኮ ነው፣ የጩጬው ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ከዚህ ድረስ ይታያል፣ የእሱም ወንበሩን ተሸክሞ ሲሻገር እንደዚያ ነበር።

መምህሯ ቀና አለች። ጩጬውን አይደለም የምታየው። በጩጬው ላይ አሻግራ፣ በሴቶቹ ላይ አሻግራ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳው፣ እና ግራ እጇ መግቢያውን ሳያቋርጥ የቀኟን ሁለት ጣት አነሳች። ያቺን ምልክት። ተነስ የምትለውን። ለእሱ ብቻ ነበር የምታሳያት።

ታውቃለች። ከመጀመሪያው ቋ ጀምራ ታውቃለች፣ ለዚህ ነው ያላጨበጨበችው፣ እያወቀች ዝም አለችው፣ እንግዳህን ያባረርክ መስሎሃል ማለቷ ነው፣ ከጓዳ ደብቀኸዋል፣ አውጣው። ማንን ነው የምትጠራው? አለ ጋሼ በሹክሹክታ። እኔ ምን አውቄ። አንተን እኮ ነው የምታየው። ዝም በል ባክህ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ዞሩ፣ ስርጉድ ዞረች፣ አሁን ፊቷ ሙሉ በሙሉ ይታያል፣ ከዘፈነ አለቀለት፣ ውሸታም፣ የውሸት ወንድ፣ ጭብጨባ ሌባ፣ ትምህርት እስኪጨርስ ማሙሽ፣ ከዚያም በኋላ ማሙሽ፣ ጋሼ ምን እንደሚለው ከአሁኑ ይሰማዋል፣ ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ፊት ይመለስ ይሆናል፣ ለሚመለስ ሰው ደግሞ ምን እንደሚደረግ ደንብ የለም፣ ተመልሶ የሚያውቅ የለማ። ካልዘፈነስ። ማንም አያረጋግጥም፣ መምህሯ ተሳሳተች ይባላል፣ ጩጬው ያለቅሳል፣ ዘፈኑ ይሞታል፣ እናቱ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፣ እሱ ወንድ ሆኖ ይወጣል። አትዝፈን። ምን አገባህ። አትዝፈን፣ እና ያኔ የስርጉድን እጅ አየ፣ ጩጬው ከአጠገቧ ወደ ፊት ስለወጣ እጇ ባዶ ቀርቷል፣ ጣቶቿ ግን እጅጌ ሊይዙ እንደተዘጋጁ ነው፣ አየሩን እንደያዙ፣ የሚይዙት እጅጌ አጥተው።

ይቅር። ወንድነቱም ይቅር፣ ወንድሜ መባሉም ይቅር፣ ጭብጨባቸውንም ይውሰዱት፣ ትንፋሽ ሳበ፣ እስከ ሆዱ፣ ሁለት ዓመት እንዳስተማረችው፣ ከፈተ፣ ከደ፣ ወጣ! ቀጭኑ፣ ንጹሑ፣ አለ፣ አልሄደም፣ የጋሼ አፍ ተከፈተ፣ ስርጉድ ዓይኗን ጨፈነች፣ አየ፣ በዓይኑ በብረቱ አየ፣ ስትጨፍን፣ ከደመ፣

ተሰበረ።

የባልዲው ቋ አይደለም፣ ያንን ያውቀዋል፣ ያ በጉሮሮው የሚሠራው የራሱ ሥራ ነው፣ ይሄ ከስር ነው፣ የሚረግጠው ደረጃ ነው የከዳው፣ እንደገና ሳበ፣ ከደ፣ ትንፋሽ ብቻ፣ ከዚያ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ፣ ከዚያ ምንም፣ እግዜር ያሳይህ፣ ዛሬ፣ አሁን፣ እዚህ ላይ። ከወላጆቹ መሃል አንድ ሕፃን ሳቀ፣ ከዚያ ትልልቆቹ። ጋሼ በክርኑ ጎሸመው፣ አቦ ተው አታሰድበን፣ የማትችለውን ምን አስጀመረህ። ስርጉድ ዓይኗን ገልጣ አየችው፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ከጣቶቿ አጠገብ ጉንጯ ሰረጎደ።

መምህሯ ጣቷን አወረደች። አንድ አፍታ አየችው፣ አሁን ገና እውነቱን እንደሰማች ሰው፣ ከዚያ በዚያ ሻካራ ድምጿ ራሷ አነሳችው፣ ከደመና በላይ፣ ዝቅ አድርጋ፣ ሴቶቹ ተከተሏት፣ ስርጉድ ፊቷን መለሰች፣ ጩጬው በእጅጌው አፍንጫውን ጠርጎ ወደ ረድፉ ገባ፣ እና እጅጌው ተያዘለት፣ ዘፈኑ እንደ ሰው መንገዱን ቀጠለ። ኮሌታው። ሱሪው። እጥበት አይደለም፣ ደደብ፣ እጥበት አይደለም፣ እናትህ ጠዋት ተንበርክካ ስትፈታልህ እኮ ነግራሃለች፣ ትንሽ ብትታገስ፣ የክረምት ዕረፍት እንኳ ሳይመጣ፣ ያለ ባልዲ፣ ያለ አጎትህ፣ ያ እንግዳ በራሱ ጊዜ ተነስቶ ሊሄድልህ ነበር፣ ስርጉድም እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እጅጌህን ይዛልህ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስልኩ ወርዷል። እናቱ አትስቅም፣ ጨርቅ ስትለካ እንደምታየው ከላይ እስከ ታች ታየዋለች።

የኋላው ረድፍ ተራ ደረሰ። ጋሼ ያንን ወንበር የመሰለ ድምፁን መጎተት ጀመረ። እሱም አፉን ይከፍታል፣ እንደለመደው፣ ባዶውን፣ ክፈት፣ እና ይወጣል፣ ሳይጠራው ይወጣል፣ ወፍራም፣ ጎርናና፣ ደረቱን የሚያንቀጠቅጥ፣ የአጎቱ አይደለም፣ የማንም አይደለም፣ የራሱ ነው፣ አስጠላው፣ ግን ልክ ዜማው ላይ ነው፣ ጋሼ እንኳ ዞር አላለም፣ ከፊት አንድም ሰው አልዞረም፣ የሚዞሩበት ምን ምክንያት አለ፣ ይሄ ልጅ ከተሻገረ ቆይቷል፣ ለእሱ ተጨብጭቦለት አልቋል።